እናቱን በስሟ የሚጠራው ልጅ

ጆጆ እናቱን በስሟ ነው የሚጠራት። አያቶቹን «ፖፕ» እና «ማም» እያለ በአባትና በእናት ወግ ሲጠራቸው፣ የወለደችውን ሴት ግን «ሊዮኒ» ብቻ ይላታል። መጽሐፉን ለወዳጆቼ ስተርክላቸው ምንም ማብራሪያ ሳልጨምርበት የገባቸው ነገር ይህ ነበር፤ ምክንያቱም እዚህ ባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉት ገጠሮች አያት ያሳደጉት ልጅ አያቱን «እማዬ» ብሎ፣ በልጅነቷ የወለደችውን እናቱን ደግሞ እንደ ታላቅ እኅት በስሟ ሲጠራ መስማት ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። በእኛ ቤት ይህ አጠራር ብዙውን ጊዜ ከአኗኗር የመጣ ልማድ ነው፤ በጆጆ አፍ ላይ ግን ፍርድ ይሆናል። የ13 ዓመቱ ልጅ እናቱን በስሟ በጠራት ቁጥር እናትነቷን እየነፈጋት ነው፤ እርሷም ይህን ታውቃለች።

የምጽፍበት መጽሐፍ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የጄስሚን ዋርድ «ሲንግ፣ አንበሪድ፣ ሲንግ» የተባለው ልብ ወለድ ነው፤ ርእሱን በግርድፉ «ዘምሩ፣ ያልተቀበራችሁ፣ ዘምሩ» ልንለው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሞ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በልብ ወለድ ዘርፍ አግኝቷል። ዋርድ ይህንኑ ሽልማት በ2011 «ሳልቬጅ ዘ ቦንስ» በተባለው ሥራዋ ወስዳ ስለነበር በልብ ወለድ ዘርፍ ሁለት ጊዜ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ያደገችው በሚሲሲፒ ግዛት፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ በምትገኘው ዲላይል በተባለች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ይህን ጨምሮ ሦስት ልብ ወለዶቿ የሚካሄዱባት ቧ ሶቫጅ የተባለች ምናባዊ ከተማም የተቀረጸችው በዚችው ባደገችባት ከተማ መልክ ነው። ከዚህ በታች ደቡብ ስል እንግዲህ የአሜሪካን ደቡብ ማለቴ ነው፤ ባርነት በሕግ ጸንቶ የኖረባቸውን፣ እርሱ እንዳይነካባቸው ሲሉም በ1860 እና በ1861 ከኅብረቱ ተገንጥለው የተዋጉትን ግዛቶች። ያነበብሁት ቅጂ አንዲት ወዳጄ ከውጭ ያመጣችው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ጠርዙ ተልጦ፣ አንዳንድ ቦታ ላይም በማላውቃቸው እጆች በእርሳስ ተሰምሮበት ነው የደረሰኝ።

የታሪኩ አጥንት በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች የሚነገር ነው። ሊዮኒ ጥቁር ናት፤ የልጆቿ አባት ማይክል ነጭ ነው። ማይክል ሜት የሚባለውን አደገኛ ዕፅ አብስለሃል ተብሎ ፓርችማን በተባለው የግዛቱ ትልቅ እስር ቤት ታስሮ ቆይቷል። የሚፈታበት ቀን ሲደርስ ሊዮኒ ጆጆንና ገና የ3 ዓመት ሕፃን የሆነችውን እኅቱን ኬይላን መኪና ላይ ጭና፣ አንዲት ነጭ ጓደኛዋን አስከትላ፣ ከባሕሩ ጠረፍ ተነሥታ ወደ ሰሜን ልታመጣው ትሄዳለች። ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። ቤት ውስጥ ማም በካንሰር ተይዛ አልጋ ላይ ናት፤ ፖፕም እርሷንና እንስሳቱን ሲጠብቅ ይቆያል። የሚሆነው ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ የሚፈጸመው በመኪናው የኋላ ወንበርና በሦስት ሰዎች ልብ ውስጥ ነው፦ በጆጆ፣ በሊዮኒ፣ እንዲሁም ከብዙ ዓመታት በፊት በሞተው ሪቺ በተባለ ልጅ። ታሪኩን እየተቀባበሉ የሚተርኩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ከዚህ በታች የመጽሐፉን ምሥጢር ስለምገልጥ፣ ሳያነብ ፍጻሜውን ማወቅ የማይወድ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

መጽሐፉ የሚከፈተው በፍየል ዕርድ ነው። ቀኑ የጆጆ የ13ኛ ዓመት ልደት ነው፤ ፖፕ ፍየሉን ከበረት አውጥቶ ሲያርድ፣ ሲገፍፍ፣ ሆድ ዕቃውን ሲያወጣ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ያግዛል። እዚህ ላይ የጎጃም አንባቢ ከብዙ አሜሪካዊ አንባቢ በተሻለ ቦታ ላይ ያለ ይመስለኛል። ለዓመት በዓል በግ ወይም ፍየል ሲታረድ እግር ይዞ ያደገ ልጅ፣ ሥራው እግር መያዝ ብቻ እንዳልሆነ፣ ፊት አለማዞርም እንደሆነ ያውቃል፤ ትልልቆቹ በጎን የሚያዩት የልጁንም ፊት ነውና። የጆጆም ጭንቀት ይኸው ነው። ሞት ምን እንደሆነ የገባው፣ ለሥራ የደረሰ ወንድ መሆኑን አያቱ እንዲያይለት ይፈልጋል፤ ፊቱ እንዳይለወጥበት ይታገላል፤ የሆድ ዕቃው ሽታ ሲመጣ ግን አልቻለውም፣ ወደ ውጭ ሮጦ ያስመልሰዋል። ፖፕ አይስቅበትም፣ አይቆጣውምም። ሕፃኗ የነቃች መሰለኝ ብሎ ሰበብ ሰጥቶት ወደ ቤት ይልከዋል። ዱለት እየበላ ያደገ ሰው በሽታው ነገር ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ እኔም ብያለሁ። ፈገግታዬ የጠፋው ማታውን ሊዮኒ ኬክ ይዛ ስትመጣ ነው። ኬኩ ለሚወለድ ሕፃን አቀባበል የተሠራ ነው፤ በላዩ ላይ ትንንሽ የሕፃን ጫማዎች ተሠርተውበታል። ደራሲዋ ምንም አትልም፤ ልጁም አይቶት ያልፋል። አንዱ ለልጁ ፍየል አርዶ፣ ሲያፍር መሸሸጊያ የሚሰጠው አያት ነው፤ ሌላዋ የልጇ ዕድሜ ስንት እንደደረሰ ኬኩ ላይ እንኳ ያልታያት እናት ናት። ከዚህ በኋላ በስሟ ለምን እንደሚጠራት የሚጠይቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

በልጅ አንደበት የሚተረኩ ልብ ወለዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዝኑን ልጁ የማያውቀውን እኛ ስለምናውቅ ነው። ልጁ በሩ ሥር ቆሞ ጩኸት ይሰማል፤ እኛ የጩኸቱን ምክንያት እንረዳለን፤ በመካከላችን ያለው ክፍተት እንባ ያመጣል። ይህ የተለመደ ብልሃት ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ ይሰለቻል፤ ምክንያቱም ልጅን የዋህ አድርጎ ማስቀመጥ ለደራሲም ለአንባቢም ምቹ ነው። ዋርድ ይህን መንገድ አልሄደችበትም። ጆጆ የሚያየው የዋህ ስለሆነ ሳይሆን ማየት ሥራው ስለሆነ ነው። እኅቱ መቼ እንደራባት፣ ትኩሳቷ መቼ እንደጀመራት፣ ሊዮኒ ዕፅ ወስዳ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ማይክል እጁ ሊሰነዘር ሲል ትከሻው እንዴት እንደሚሆን በየደቂቃው ይለካል። በእኛ አገር «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ የልጅ ነገር ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ ትልልቆቹ ሲያወሩም ልጅ ወደ ውጭ ይባላል። ጆጆን ግን ወደ ውጭ የሚለው ሰው የለም፤ እርሱ ወጥቶ ከሆነ ኬይላን የሚይዛት አይኖርም። ኬይላም ብትሆን ስታለቅስ ዘልላ የምትጠመጠመው በእርሱ አንገት ላይ ነው፤ ሊዮኒ ይህን ስታይ ትቀናለች፤ መቅናቷን ደግሞ ራሷ ትነግረናለች።

ከዚህ ጋር አንድ የምናውቀውን መጽሐፍ ማንሣት ይቻላል። በእኛው በጎጃም ምድር የሚጀምረው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ሲሉ በተሳሉት ስለት የልጁን ዕድሜ ሙሉ አስረውታል። ወላጅ በጭንቅ ሰዓት ያሰረውን ልጅ ሲፈታው መኖር የዚያም መጽሐፍ ጉዳይ ነው። ሆኖም ሐዲስ ዓለማየሁ ስለቱን የነገሩን በዐዋቂ ተራኪ አንደበት ነው፤ የበዛብህን ልጅነት ከላይ ሆነን እናየዋለን እንጂ ከውስጡ አንሰማውም። ዋርድ ያደረገችው የዚህን ግልባጭ ነው፤ ወላጆቹ ያሰሩትን ነገር ልጁ ራሱ ቋጠሮውን እየዳሰሰ፣ ማን እንዳሰረው ሳያውቅ ይነግረናል።

ቋጠሮው ያለው ፓርችማን ነው፤ ስለ ፓርችማን ትንሽ ሳያውቁ ይህን መጽሐፍ ማንበብ ግማሹን እንደመተው ይቆጠራል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 13ኛ ማሻሻያ በ1865 ባርነትን ሲሽር አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ በወንጀል ለተፈረደበት ሰው ቅጣት ሲሆን ካልሆነ በቀር ይላል። በዚህ ቀዳዳ የደቡብ ግዛቶች ነፃ የወጡትን ጥቁሮች በትንሽ በትልቁ ምክንያት እየያዙ፣ እስረኛውን ለእርሻና ለባቡር ሐዲድ ባለቤቶች ማከራየት ጀመሩ። ሚሲሲፒ ኪራዩን ትታ የራሷን የእስረኞች እርሻ የመሠረተችው በ1901 ነው፤ ያ እርሻ ፓርችማን ነው። ስፋቱ 7,000 ሄክታር አካባቢ ሲሆን፣ እስረኞቹ ጥጥ የሚያርሱት፣ የሚኮተኩቱትና የሚለቅሙት ከንጋት እስከ ምሽት ነበር። ከሁሉ የሚገርመው አጠባበቁ ነው። የታመኑ የተባሉ እስረኞች ጠመንጃ ይሰጣቸውና ሌሎቹን እስረኞች ይጠብቁ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ነፍስ ያጠፉ ነበሩ። ይህ አሠራር የታገደው በፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ በ1972 ነው። በ1961 በአውቶቡስ ውስጥ የዘር መለያየትን ለመቃወም ወደ ደቡብ የተጓዙት ወጣቶችም የታሰሩት እዚያው ነበር።

ፖፕ በ15 ዓመቱ ወደዚህ እርሻ ተልኮ ነበር፤ ጥፋቱ ወንድሙ ከነጮች ጋር ተጣልቶ ቤት ሲገባ አብሮ መገኘቱ ነው። ሪቺን የተዋወቀው እዚያ ነው። ሪቺ 12 ዓመቱ ነበር፤ የተያዘው ለተራቡ ታናናሾቹ ምግብ ሰርቆ ነው። ፖፕ ይህን ታሪክ ለጆጆ እየቆራረሰ ይነግረዋል። አንድ ቀን የጥጡን ረድፍ፣ ሌላ ቀን የሪቺን ጀርባ ግርፋት፣ ሌላ ቀን እስረኛ ሲያመልጥ የሚለቀቁትን ውሾች። ሁልጊዜ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ይነሣል፤ ሥራ ይፈልጋል። ይህን ክፍል ሳነብ ያሰብሁት በጦርነት፣ በእስርና በድርቅ ዘመን ያለፉ ሽማግሌዎቻችንን ነው። ለዓመት በዓል ወይም ለለቅሶ ተሰብስበን ሳለ አንዱን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሁልጊዜም የሚቆመው እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ልጆች ደግሞ ያን ማቆሚያ በደንብ ያውቁታል። ከማቆሚያው በኋላ ያለውን አይጠይቁም፤ ግን ለራሳቸው ይሞሉታል፤ የሚሞሉትም ብዙውን ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እውነቱ ከሚሞሉት ሁሉ ይከፋል።

የሊዮኒ ምዕራፎች ባይኖሩ ይህ መጽሐፍ ተራ ክስ ይሆን ነበር። ጆጆ በእናቱ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ጠንካራ ነው፤ ይበልጥ የሚያጠነክረውም እርሷ ራሷ በየገጹ የምትጨምረው ጥፋት ነው። ልጆቿን ትመታለች፤ ትረሳቸዋለች፤ በጉዞው ላይ ለራሷ መጠጥ ገዝታ ለእነርሱ ውሃ እንኳ አታስብም። ሆኖም ደራሲዋ የልጁን ፍርድ የመጨረሻ አድርጋ አልተወችውም፤ ለተከሳሿም ድምፅ ሰጥታታለች። ሊዮኒ ስትናገር የምንሰማው ጊቨን የተባለ ታላቅ ወንድሟ ገና ተማሪ ሳለ በአደን ሰበብ በጥይት መገደሉን ነው። የገደለው የማይክል የአጎት ልጅ ነው። የማይክል አባት ቢግ ጆሴፍ በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሸሪፍ ነበር፤ ነገሩ የአደን አደጋ ተብሎ በቀላል ቅጣት አለፈ። ሊዮኒ እንግዲህ ልጆች የወለደችው ከወንድሟ ገዳይ ዘመድ ነው። በደም መፈላለግ ምን እንደሆነ በሚያውቅ አገር ላደገ አንባቢ ይህ ዝምድና ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። እርሷ ዕፅ በወሰደች ቁጥር ሟቹ ወንድሟ አጠገቧ መጥቶ ይቀመጣል፤ አይናገርም፤ ያያታል ብቻ። ዕፁን የምትወስደው ለመርሳት ነው ወይስ እርሱን ለማየት የሚለውን ዋርድ ክፍት ትተዋለች፤ ይህን መተዋ ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ማይክል ጥቂት ማለት ይገባል፤ መጽሐፉ ለእርሱ ምዕራፍ አልሰጠውም፤ በእኔ አስተያየትም አላስፈለገውም። በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ዲፕዋተር ሆራይዘን በተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ላይ በያጅነት ይሠራ ነበር። ያ መቆፈሪያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞተዋል፤ ማይክል ከተረፉት አንዱ ሆኖ ነው የተሣለው፤ ዕፅ ማብሰል የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው። ቢግ ጆሴፍ የገዛ ልጁን ልጆች ጥቁር በመሆናቸው አያያቸውም፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ጋብቻን የሚከለክሉት የግዛት ሕጎች በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻሩት በ1967 ነው፤ በቢግ ጆሴፍ ቤት ግን ሕጉ እንደጸና አለ።

ከጉዞው ውስጥ ሁለት ትዕይንቶች በቅርብ ሊታዩ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የኬይላ ሕመም ነው። ሕፃኗ መኪና ውስጥ ያስመልሳታል፤ ሰውነቷ ይግላል። ማም ጤነኛ ሳለች ዕፅዋት የምታውቅ፣ ሰው የምታክም፣ በአንድ በኩል ወደ ቅዱሳን በሌላ በኩል ከአፍሪካ ወደ መጡ መናፍስት የምትጸልይ ሴት ነበረች፤ ልጇም እንድትማር ብዙ ደክማ ነበር። ጠበልና ዳማከሴ በአንድ ቤት ያደገ ሰው ይህን አያት ለመረዳት አይቸገርም። ሊዮኒ መንገድ ዳር ወርዳ እናቷ ያሳየቻትን ቅጠል ትፈልጋለች፤ የምትፈልገውን ስታጣ ያገኘችውን፣ የእንጆሪ ዘመድ የሆነውን ቅጠል ትይዛለች፤ ስለ መጠኑም ስለ አፈላሉም እርግጠኛ አይደለችም፤ ቢሆንም አፍልታ ለልጇ ታጠጣታለች። ጆጆ ያያል። እናቱ ዘወር ስትል እኅቱን ይዞ ጣቱን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትቶ ያስተፋታል። ይህን ትዕይንት ያለ ቁጣ ማንበብ አይቻልም፤ ቁጣው ግን በማን ላይ እንደሚሆን ግልጽ አይደለም። ሊዮኒ በሕይወቷ ምናልባት ከጥቂት ጊዜያት በአንዱ እናት ለመሆን የሞከረችው በዚህ ሰዓት ነው፤ ልጇም በእርሷ ላይ ካለው ልምድ ተነሥቶ ትክክለኛ ውሳኔ ወስኗል።

ሁለተኛው በመልሱ ላይ ነው። ፖሊስ መኪናዋን ያስቆማል። ሊዮኒ የያዘችውን የዕፅ ከረጢት የምትጥልበት አጥታ ትውጠዋለች። ፖሊሱ ጆጆን ያስወርደዋል። ልጁ ኪሱ ውስጥ አያቱ ለመጠበቂያ የሰጠው ትንሽ ከረጢት አለ፤ ውስጡ ላባ፣ የእንስሳ ጥርስና ጠጠር ነው፤ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ፖሊሱ ሽጉጡን መዝዞ ይደግንበታል፤ በካቴናም ያስረዋል። ይህን መጀመሪያ የሚነግረን ልጁ አይደለም። ሊዮኒ ናት። ደራሲዋ በጣም አስፈሪውን ቅጽበት ከጆጆ ወስዳ ለእናቱ ሰጥታዋለች፤ ሊዮኒም በዚያች ቅጽበት ከፖሊሱ አጠገብ የቆመውን ልጇን ስታይ ትንሽ ልጅ እንደሆነ ይታያታል። እስከዚያ ድረስ እኛም ረስተነው ነበር። በልጁ ድምፅ ተመርተን ብዙ ገጽ ከተጓዝን በኋላ ጆጆን እንደ ዐዋቂ መቁጠር ጀምረናል፤ እርሷ በሠራችው ጥፋት እኛም ተባብረናል። በልጅ ዓይን የተጻፈ ታሪክ ልጁን ከውጭ የሚያየው ሌላ ዓይን ካላገኘ የሚጎድለው ይህ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የደነቀኝም ይህ የድምፅ ቅያሬ ነው።

ስለ ሙታኑ። ሪቺ ፓርችማን ላይ ወደ መኪናው ገብቶ ከነጆጆ ጋር ወደ ደቡብ ይመለሳል፤ የሚያዩት ጆጆና ኬይላ ብቻ ናቸው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንደሞተ ማወቅ። እስኪያውቅ ድረስ ማረፍ አይችልም። አንዳንድ ፈረንጅ አንባቢ ይህን እንደ ተረት ጌጥ ሊያየው ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን ፍትሐት ያልተደረገለት፣ ዐፅሙ የት እንደወደቀ ያልታወቀ ሰው ነገር የቀልድ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ባለፉት ዓመታት በዚህ በክልላችን ያለ አስከሬን ለቅሶ የተቀመጠ ቤተሰብ፣ 40 ቀን ሳይደርስም ደርሶም ተዝካር ያወጣ ወይም ይመጣ ይሆናል ብሎ ለማውጣት የፈራ ቤተሰብ ጎረቤታችን ነው። ድንኳን ተጥሎ ንፍሮ ተቀቅሎ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሟች እናት በሩን ስታይ አይተናል። እንዲህ ያለ አንባቢ ሪቺን ሲያገኘው መንፈስ ነው አይደለም ብሎ አይከራከርም፤ የቤተሰቡ ሰዎች ወዴት አሉ ብሎ ይጠይቃል እንጂ።

የሪቺ ሞት ይህ ነው። ብሉ የተባለ እስረኛ አንዲት ሴት ደፍሮ ሲያመልጥ ልጁ አብሮት ሮጠ። መንገድ ላይ ብሉ በነጭ ልጃገረድ ላይ እጁን አነሣ፤ ወሬው ሲዛመት የነጮች መንጋ ተሰብስቦ ብሉን ይዞ በቁሙ ገፈፈው። ፖፕ ውሾቹን ይዞ ቀድሞ የደረሰው ሪቺ ዘንድ ነበር። መንጋው ሲደርስ ልጁን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ወደ ቤት እወስድሃለሁ ብሎት አንገቱን በስለት ወጋው። ፖፕ ይህን ለልጅ ልጁ ሲናገር ይወድቃል፤ ጆጆ ነው አቅፎ የሚይዘው። መጽሐፉን እዚህ ላይ ዘግቼ ጥቂት ቀናት ሳልከፍተው ቆይቻለሁ።

ሁሉም ግን የተሳካ አይደለም። ሦስቱ ተራኪዎች ድምፃቸው እጅግ ይመሳሰላል፤ ሊዮኒ ስትናገርም፣ ሪቺ ሲናገርም፣ ጆጆ ሲናገርም የምንሰማው ያንኑ በምሳሌ የተሞላ፣ ዜማ የበዛበት የደራሲዋን ቋንቋ ነው። የምዕራፉ ራስ ላይ ስማቸው ባይጻፍ አንዳንዱን ገጽ ማን እንደሚናገረው መለየት ያዳግታል። በተለይ የሪቺ ምዕራፎች ልጅ የሞተ መሆኑን እንጂ ልጅ መሆኑን ያስረሳሉ፤ ለታናናሾቹ ሥጋ የሰረቀው የ12 ዓመት ልጅ የት ሄደ እስክል ድረስ። በመጨረሻው ላይም በግፍ የሞቱ መናፍስት ዛፍ ላይ እንደ ወፍ ሰፍረው ይታያሉ፤ ኬይላ ትዘምርላቸዋለች። ብዙ ሰዎች ይህን ክፍል ያደንቁታል። እኔ ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ያሉት ዐረፍተ ነገሮች ይበልጡብኛል፤ ማም ሞታ፣ ሊዮኒና ማይክል ቤቱን ጥለው አልፎ አልፎ ብቻ እየመጡ በሳሎኑ ሶፋ ላይ የሚተኙበት ጊዜ ደርሶ፣ ጆጆ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ እየዞረ የእናቱ ስሜት ትንሽ እንደገባው የሚናገርባቸው። ይቅርታ አይደለም። በራሱ ውስጥ ያንኑ ነገር፣ ጥሎ የመሄድን ማሳከክ አግኝቶታል።

መጽሐፉን ካነበብነው ሰዎች ጋር አንድ ምሽት ከሐይቁ ዳር ሻይ ይዘን ስንከራከር ያልተስማማንበት ጉዳይ ፖፕ ነበር። ዕድሜው የገፋ አንድ መምህር፣ እንዲህ ያለ ነገር ለ13 ዓመት ልጅ አይነገርም፤ ሽማግሌ ሸክሙን ይዞት ይቀበራል እንጂ ልጅ ላይ አያወርድም አለ። መጽሐፉን ያዋሰችኝ ወዳጄ በበኩሏ ፖፕ ቀደም ብሎ መንገር ነበረበት፣ ለሊዮኒም ጭምር፤ ጊቨን የሞተ ጊዜ እርሷ አባቷ ሐዘን እንዴት እንደሚሸከም የምታይበት ምንም አልነበራትም አለች። እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ለመምህሩ የሰጠሁት መልስም አጭር ነበር፤ ፖፕ አፉን ሲከፍት ሪቺ እዚያው አጠገባቸው፣ ጆጆ እያየው ነበር። መምህሩ ግን በዚህ አልተረታም፤ ልጁ መንፈሱን ያየው እኮ አያቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታሪኩን እየቆራረሰ ስለነገረው ነው፣ ጭራሹኑ ባይጀምርለት ኖሮ ሪቺ መኪናው ውስጥ ባልገባም ነበር ሲል መለሰልኝ። መጽሐፉ ውስጥ ይህን የሚያፈርስበት ገጽ ፈልጌ እስካሁን አላገኘሁለትም።